ተከዜ ሐይቅ ላይ ለምትሠሩ ባለጀልባዎች፦ ጥልቀት መለኪያውን የት እንትከለው? እንዴትስ እናስተካክለው?



ዋግ ኽምራ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ተራራ፣ ድንጋይና የዝናብ እጥረት ነው። ከሰቆጣ ወደ ቆላው ሲወረድ ግን በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ሌላ ዋግ አለ፦ የተከዜ ግድብ ሐይቅ። ወጣቶች ተደራጅተው ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዱበታል። ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለውን ሰውም የሚያገናኘው ጀልባ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ትንሽ ማሽን ነው። ጥልቀት መለኪያ ይሏታል፤ ዓሣም ስለምታሳይ «ፊሽ ፋይንደር» የሚሏትም አሉ። ገዝቶ ማምጣቱ አንድ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ግን አተካከሏ ላይ ነው። በትክክል ያልተተከለች ማሽን ቁጥር መስጠቷን አትተውም፤ የምትሰጠው ቁጥር ግን የተሳሳተ ይሆናል። ምንም ማሽን የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል። የተሳሳተ ቁጥር ያመነ ሰው ግን ጋዝ ሰጥቶ ይነዳል። ስለዚህ አተካከሉን ከነምክንያቱ እናስረዳችሁ።

ተከዜ ላይ ጉዳዩ ለምን ይከብዳል?

ግድቡ የተመረቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። ቁመቱ 188 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ውሃው የተኛው ሜዳ ላይ ሳይሆን ሸለቆና ገደል ውስጥ ነው። ጣናን ብንወስድ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ተከዜ ግድቡ አካባቢ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይጠልቃል። ከዚያ ትንሽ ዞር ስትሉ ደግሞ ድሮ የኮረብታ ጫፍ የነበረ ቦታ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ጉብታና ቋጥኝ የትም አልሄደም፤ ከሥር ነው ያለው።

ሌላው ነገር የውሃው መጠን ነው። ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ በበጋ ኃይል ሲመነጭበት እየቀነሰ ይሄዳል። ልዩነቱ በሜትሮች የሚቆጠር ነው። መስከረም ላይ በሰላም ያለፋችሁበት ጉብታ ግንቦት ላይ ፕሮፔለር ሊሰብር ይችላል ማለት ነው። መረብም እንደዚሁ። የሰመጠ ግንድ ላይ የተጣለ መረብ ተቀዶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። ለአንድ ማኅበር መረብ ማለት የወራት ገቢ ነው።

ማሽኗ የምትሠራው እንዴት ነው?

ሁለት አካል አላት። አንዱ ስክሪኑ ነው። ሁለተኛው ውሃ ውስጥ የሚገባው ትራንስዱሰር የሚባለው ዕቃ ነው። ይሄ ዕቃ ድምፅ ይልካል፤ መሬት ነክቶ የሚመለሰውን ድምፅ ደግሞ ይሰማል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ጆሮው» እያልን እንጠራዋለን።

ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሥራችሁ ያለው ውሃ 30 ሜትር ቢጠልቅ ድምፁ ወርዶ ለመመለስ 60 ሜትር ይጓዛል፤ ይሄም 4 መቶኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ማሽኗ ጊዜውን ቆጥራ፣ ለሁለት አካፍላ ጥልቀቱን ትነግራችኋለች። ሐሳቡ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ያኔ ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ ይሠሩበት ጀመር። ለዓሣ አጥማጆች የሚሆን ማሽን ገበያ ላይ ያወጣው የጃፓኑ ፉሩኖ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1948 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልን፦ ድምፁ አየር ሲያጋጥመው አያልፍም። ከጆሮው ሥር አረፋ ካለ ማሽኗ የምትሰማው አረፋውን ነው። ከዚህ በታች «እዚህ ትከሉት፣ እዚያ አትትከሉት» የምንላችሁ ነገር አብዛኛው ከአረፋ ለመሸሽ ነው።

የት ይተከል?

ሞተር ላለው ትንሽ ጀልባ የተለመደው ቦታ የጀልባው የኋላ ግድግዳ ነው፤ ሞተሩ የሚታሰርበት ማለት ነው። ቦታውን ስትመርጡ እነዚህን እዩ፦

1. ከፕሮፔለሩ ራቁ። ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሁን። ሞተሩ በሙሉ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞርም ጆሮውን እንዳይነካው አዙራችሁ አረጋግጡ።

2. የቱ ጎን? ጀልባው ወደፊት እየሄደ ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ፕሮፔለሩ እንደ ሰዓት ከዞረ (ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) የቀኝ ጎን ይመረጣል። አምራቾች የሚመክሩት ምላጩ ወደ ታች በሚወርድበት በኩል እንዲሆን ነው።

3. የጀልባውን ሆድ በእጃችሁ ዳብሱት። ከጆሮው ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ የብየዳ ጉብታ፣ የሪቬት ራስ፣ ሽንቁር ወይም የወጣ ጠርዝ ካለ ውሃው እዚያ ላይ ተንጦ አረፋ ይፈጥራል። ለስላሳውን መስመር ምረጡ።

4. ጀልባው ሲሄድም ሲቆምም ጆሮው ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። በጣም ወደ ዳር ካወጣችሁት፣ ጀልባው ሲያጋድል ከውሃ ይወጣል።

«ከውስጥ ወለሉ ላይ ብናጣብቀውስ? መብሳት ይቀርልናል» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የሚሠራው ወለሉ ድፍን ፋይበር ግላስ ከሆነ ብቻ ነው። ተራው ጆሮ በአሉሚኒየም፣ በእንጨት ወይም መሃሉ ፎም በሆነ ወለል ውስጥ አልፎ በደንብ አይሰማም።

ከመብሳታችሁ በፊት

ድሪል ለማንሳት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጆሮውን አንድ ጣውላ ላይ እሰሩና ጣውላውን በሞርሳ ከኋላ ግድግዳው ጋር አጣብቁት። ወደ ውሃ ገብታችሁ ሞክሩት። ቁጥሩ ካልጠፋ ቦታው ጥሩ ነው። ከጠፋ 5 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ አድርጋችሁ ድገሙት። የግማሽ ቀን ሙከራ የጀልባውን ቂጥ ከመበሳሳት ያድናል።

ሁለተኛ ምክር፦ ጆሮውን ቀጥታ ጀልባው ላይ ከማሰር ይልቅ መሃል ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አስገቡ። የወጥ ቤት የፕላስቲክ መክተፊያ በቂ ነው። ኮምፔንሳቶ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ አይሆንም። መክተፊያው አንዴ በሁለት ብሎን ጀልባው ላይ ይታሰራል። ጆሮውን ማንሳት ወይም ዝቅ ማድረግ ብትፈልጉ የምትበሱት መክተፊያውን እንጂ ጀልባውን አይደለም።

አተካከሉ፣ በቅደም ተከተል

ጀልባውን ዳር ላይ አውጡና አድርቁት። ብሎን የሚገባበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ድሪሉ ጫፍ ላይ ቴፕ ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ወስኑ። ቀዳዳው ውስጥ ለውሃ ውስጥ ሥራ የሚሆን ማሸጊያ ሙሉ። ለመስኮት የሚሸጠው ተራ ሲልከን ብዙ አይቆይም። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ ተራ ብረት በተለይ አሉሚኒየም ላይ ቶሎ ይበላል፣ ያስበላልም።

ከፍታው፦ ጀልባው ፋይበር ግላስ ከሆነ የጆሮው ሆድ ከጀልባው ሆድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል። ከማሽኗ ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው መመሪያውን ስሙ። ከመጠን በላይ ከወረደ ውሃ ይረጫል፤ ግንድ ቢመታም መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ልኩ፦ የጆሮው ፊት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት አለበት። ውሃ ልክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ግን ባዶ ጀልባ ላይ ለክታችሁ አትጨርሱ። ሰው፣ ነዳጅና እርጥብ መረብ ሲጫን የኋላው ይሰምጣል፤ ጆሮውም አብሮ ያጋድላል። ስለዚህ እንደ ወትሮው ጭናችሁ፣ ውሃ ላይ ሆናችሁ የመጨረሻውን ማስተካከያ አድርጉ። ብሎኑን በደንብ የምታጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።

መቅዘፊያ ለምትጠቀሙስ?

ሞተር የሌለው ጀልባ ላይ ነገሩ ይቀላል። አንድ የብረት ቱቦ ወይም ጠንካራ እንጨት ውሰዱ፤ ጆሮውን ጫፉ ላይ እሰሩና ከጀልባው ጎን በሞርሳ ያዙት። ጆሮው ከውሃው ወለል 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ጀልባው አይበሳም፤ ማታ ነቅላችሁ ቤት ትወስዱታላችሁ፤ አንድ ማሽን ለማኅበሩ ጀልባዎች በፈረቃ ያገለግላል። ጥንቃቄው አንድ ነው። በየቀኑ ሲተከል በየቀኑ ሊያጋድል ይችላል። ቱቦው ላይ በቀለም ሁለት ምልክት አድርጉ፤ አንዱ የሞርሳው ቦታ፣ አንዱ የአቅጣጫው። ዳር ላይ ስትጠጉ ደግሞ ቱቦውን ማንሳት አትርሱ።

ሽቦና ባትሪ

የጆሮውን ገመድ ቆርጣችሁ አታሳጥሩት። ትርፉን ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከሞተሩ ሽቦዎች ጋር አብሮ አይሂድ፤ ስክሪኑ ላይ ዝናብ የመሰለ ነጠብጣብ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ ግድግዳውን በስቶ የሚገባ ከሆነ ቀዳዳው ከውሃው መስመር በላይ ይሁን።

ትንንሾቹ ማሽኖች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። የሞተር ሳይክል ባትሪም ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ባትሪው በሶላር ሊሞላ ይችላል። ፊውዙን ግን አትዝለሉት፤ መመሪያው ላይ የተጻፈውን መጠን ቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ አስገቡ። ባትሪው በክዳን ዕቃ ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ።

ማሽኗ ላይ የሚስተካከሉ አራት ነገሮች

አንደኛ፣ መለኪያው። አዲስ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጫማ (በፊት) ተስተካክሎ ነው። 10 ጫማ ማለት 3 ሜትር ብቻ ነው! ስክሪኑ ላይ 10 አይቶ 10 ሜትር የመሰለው ሰው ችግር ላይ ነው። በመጀመሪያ ወደ ሜትር ቀይሩት።

ሁለተኛ፣ የውሃው ዓይነት። «ጨዋማ» እና «ጨው አልባ» የሚል ምርጫ ካለ ጨው አልባውን ምረጡ። ድምፅ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይፈጥናል። በተሳሳተ ምርጫ ከሄዳችሁ 20 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ አብዝታ ትነግራችኋለች። አብዝቶ መናገር ደግሞ አደገኛው ስህተት ነው።

ሦስተኛ፣ የጆሮው ቦታ። ማሽኗ የምትለካው ከጆሮው ጀምራ ነው፤ ከውሃው ወለል አይደለም። ጆሮው 20 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ ሙሉውን ጥልቀት ለማግኘት 0.2 ሜትር እንድትደምር ንገሯት። ሌላ አማራጭም አለ። የፕሮፔለሩ ጫፍ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ከጆሮው በ40 ይበልጣል ማለት ነው። 0.4 እንድትቀንስ ካዘዛችኋት የምታሳያችሁ ከፕሮፔለር በታች የቀረውን ውሃ ይሆናል። የትኛውን እንደመረጣችሁ ግን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ማሽኑን በፈረቃ የሚጠቀም ሌላ ሰው ካላወቀ ነገሩ ይምታታል።

አራተኛ፣ የድምፁ ስፋት። ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ታች እየሰፋ ነው የሚሄደው። ብዙ ማሽኖች ላይ 200 ኪሎ ኸርዝ ጠባቡ ነው፤ 20 ዲግሪ ገደማ። 30 ሜትር ላይ ከ10 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክብ ያያል። 83 ኪሎ ኸርዝ ያላቸው ደግሞ እስከ 60 ዲግሪ ይሰፋሉ፤ እዚያው 30 ሜትር ላይ ክቡ ወደ 35 ሜትር ይጠጋል። ለተከዜ ገደላማ ዳር ጠባቡ ይሻላል። ምክንያቱም ማሽኗ ቶሎ የምትሰማው ቅርቡን ነገር ነው። ሰፊው ድምፅ የጎኑን ገደል ነክቶ ስለሚመለስ፣ ከሥራችሁ 40 ሜትር እያለ 25 ልትል ትችላለች።

በገመድና በድንጋይ ፈትኗት

የማሽኗ ዳኛ ገመድ ነው። የማይለጠጥ ገመድ አርጥባችሁ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ፤ በየ5 ሜትሩ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ጫፉ ላይ 2 ኪሎ ገደማ የሚሆን ድንጋይ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ መሬቱ ሜዳ በሆነበት ቦታ ቁሙና 3፣ 5፣ 10 እና 20 ሜትር አካባቢ ለኩ። ገደል አፋፍ ላይ አትፈትኑ። እዚያ ላይ ከላይ በተናገርነው ምክንያት ገመዱና ማሽኗ አይስማሙም፤ እናንተም የደህናዋን ማሽን ልክ ታበላሻላችሁ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት፦

ልዩነቱ በሁሉም ጥልቀት እኩል ከሆነ (ለምሳሌ ሁሌ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጎድል ከሆነ) ጉዳዩ የጆሮው ቦታ ነው፤ ሦስተኛውን ማስተካከያ እዩ።

ልዩነቱ ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የሚያድግ ከሆነ የውሃው ዓይነት ምርጫ ላይ ስህተት አለ፤ ወይም ጀልባው እየሄደ ገመዱ አዘንብሏል።

ቆማችሁ ትክክል ሆኖ ስትነዱ ቁጥሩ የሚጠፋ ከሆነ አረፋ ነው። ጆሮውን 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ካልሆነ 3 ሚሊ ድገሙ። ውሃ መርጨት ከጀመረ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት፤ ችግሩ ከፍታው ሳይሆን ቦታው ነው ማለት ነው።

ስክሪኑ የማይነግራችሁ ነገር

ይሄን ክፍል ጀልባ የሚነዳ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለናል።

ማሽኗ ፊት ለፊት አታይም። ስክሪኑ ላይ አሁን ያለው የቀኙ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ወደ ግራ የሚሄደው ሁሉ ያለፋችሁት ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በሰከንድ 4 ሜትር ይጓዛል። ጆሮው ደግሞ ያለው ከኋላ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ እስክታዩት የጀልባው አፍንጫ ድንጋዩ ጋር ደርሷል። ስለዚህ ዳር ስትጠጉና በማታውቁት ቦታ ፍጥነት ቀንሱ፤ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ይይ።

ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ካለ አትመኑት። በብዙ ማሽኖች ይሄ ማለት «መሬቱን አጥቻለሁ፣ የማሳይህ የቅድሙን ነው» ማለት ነው። ከ1 ሜትር በታችም ቢሆን ድምፁ ሁለቴ ተመላልሶ እጥፍ ጥልቀት ሊያሳያችሁ ይችላል። እዚያ ላይ መቅዘፊያችሁን ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ብትለኩ ይሻላል።

ጭቃና ድንጋይም ይለያያሉ። ድንጋይ ወፍራምና ደማቅ መስመር ይሰጣል፤ ለስላሳ ደለል ደብዛዛ። ከዋግና ከላስታ ተራሮች ክረምት የሚወርደው ጎርፍ ብዙ ደለል ያመጣል። አምና የለካችሁት የወንዝ መግቢያ ዘንድሮ ላይመስል ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ቀላል ዘዴ። የለካችሁትን በደብተር ጻፉ፤ ቀኑንም ጭምር። ወደቡ ላይ ደግሞ የማይነቃነቅ ቋጥኝ መርጣችሁ በየግማሽ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉ። መስከረም ላይ አንድ ጉብታ ላይ 6 ሜትር ውሃ ነበር እንበል። ጥር ላይ በቋጥኙ ምልክት ውሃው 4 ሜትር ወርዶ ካያችሁ፣ ጉብታው ላይ የቀረው 2 ሜትር ነው፤ ሳትሄዱ አወቃችሁት ማለት ነው። ደብተሩ የማኅበሩ ይሁን። ጎበዝ ነጂ ታሞ ቢቀር እውቀቱ አብሮት አይቀርም።

ማሽኗ የሕይወት አድን ጃኬትን አትተካም፤ ከመጠን በላይ የተጫነ ጀልባንም ቀጥ አታደርግም። በትክክል ተተክላ በገመድ ከተፈተነች ግን ፕሮፔለርም መረብም ታተርፋለች፤ የሰው ሕይወትም እንዲሁ።

ጽሑፉን ተከዜ ዳር ለሚሠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አድርሱልን። ኔትወርክ ለሌለው ደግሞ ቢያንስ ስለ ገመዱና ስለ ቋጥኙ ምልክት ንገሩልን፤ ሁለቱም ያለማሽን ይሠራሉ።

ሰላም ግቡ!